ወይዘሮ ኤማ ጌትዉድ ስለምን ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ሄዱ?

በ1955 ዓ.ም. በፈረንጆች የበጋ ወራት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ተራሮች ውስጥ አንዲት አሮጊት ለብቻቸው በእግራቸው ሲጓዙ ታዩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።) ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነው። በትከሻቸው ላይ በገዛ እጃቸው የሰፉትን ከረጢት ጥለዋል፤ በእግራቸው የተጫሙት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የሚያደርጉትን ዓይነት ሸራ ጫማ ነው። ድንኳን የላቸውም፤ ካርታ የላቸውም፤ ኮምፓስ የላቸውም። ከደቡብ ከጆርጂያ ግዛት ተነሥተው በሰሜን ጫፍ እስካለው እስከ ሜን ግዛት ድረስ 3,300 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ለመሄድ ማሰባቸው በተሰማ ጊዜ፣ የጋዜጣ ወኪሎች በየመንደሩ እየቀደሙ ይጠብቋቸው ጀመር። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይኸውም በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ያህል ድካም ስለምን እንደ ወደዱ ለማወቅ ነው።

ወይዘሮ ኤማ ጌትዉድ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ብዙ ነው። ለአንዱ ነገሩ መልካም ጨዋታ መስሎ ስለ ታያቸው መሆኑን ነገሩት። ለሌላው ከኮረብታው ማዶ ያለውን ለማየት ይናፍቁ እንደ ነበር አጫወቱት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥያቄውን በቀልድ አለፉት። ይህ ሁሉ መልስ ሐሰት አልነበረም፤ ዋናው ግን አልተነገረም። ስለ ባላቸው ለሚጠይቃቸው ሰው ባል የሞተባቸው መሆናቸውን ይናገሩ ነበር፤ ሰውዬው ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበረ። ይህች አንዲት የሐሰት ቃል የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ስለ ሆነች ነገሩን ከመጀመሪያው መያዝ ይገባል።

ኤማ ሮዌና ካልድዌል የተወለደችው በኦሃዮ ግዛት በጋሊያ አውራጃ ኦክቶበር 25 ቀን 1887 ዓ.ም. ነው። አባቷ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቈስሎ አንድ እግሩን ያጣ ገበሬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጠጥና ቁማር ስለ ወደደ የቤቱ ሸክም ሁሉ በእናቲቱ ላይ ወደቀ። ልጆቹ 15 ነበሩ፤ በአንድ አልጋ ላይ አራት አራት ሆነው ይተኙ ነበር። ኤማ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው። ሆኖም ንባብ ትወድ ስለ ነበር ያገኘችውን መጽሐፍ ሁሉ ታነብ፣ ከዱር ቅጠላ ቅጠልም የትኛው ለምግብ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን ታጠና ነበር። ይህ ዕውቀት በሽምግልና ዘመኗ ስንቋ ሆነ።

በ19 ዓመቷ፣ በ1907 ዓ.ም.፣ ፔሪ ጌትዉድ የሚባል ሰው አገባች። ሰውዬው ኮሌጅ የገባና በአስተማሪነት የሠራ በመሆኑ በዚያ ገጠር የተከበረ ነበር፤ በኋላም ትምባሆ የሚያለማ ገበሬ ሆነ። ለውጭ ሰው ሲታይ ጋብቻው መልካም ነበር። ወይዘሮ ኤማ ግን (ከእንግዲህ ወይዘሮ ልንላቸው ይገባል) ገና ሙሽርነታቸው ሳያልቅ ከቤት ሥራ በላይ የትምባሆ መደብ ያቃጥሉ፣ አጥር ያጥሩ፣ ሲሚንቶ ያቦኩ ጀመር። ሥራው ባልከፋ፤ የከፋው ዱላው ነው። ባልየው ይመታቸው የጀመረው ወዲያው ነበር፤ በሰላሳ ዓመት ውስጥም አልተወም። ብዙ ጊዜ ለሞት አድርሷቸው ነበር። በዚህ መካከል 11 ልጆች ወለዱ፤ ሁሉንም አሳደጉ።

ሰውዬው ሲቈጣ ወይዘሮ ኤማ መሸሻ ያገኙ የነበረው በደን ውስጥ ነው። ከቤታቸው በላይ ወዳለው ዛፍ መሐል ይሮጡና ንዴቱ እስኪበርድ እዚያ ይቈዩ ነበር። ሌላው ሰው ጫካን ሲያስብ አውሬና ሽፍታ ይታየዋል፤ ለእኒህ ሴት ግን አውሬው በቤት ውስጥ ስለ ነበረ ሰላም የሚገኘው በጫካ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ ሲያደንቋቸው የነበሩት ጋዜጠኞች ሁሉ ድፍረታቸውን ሲለኩ ይህን አያውቁም ነበርና።

በ1924 ዓ.ም. ፔሪ ጌትዉድ በጠብ ምክንያት ሰው ገደለ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነህ ብሎት ሳለ የዘጠኝ ልጆች አባትና እርሻ ያለው ሰው በመሆኑ ቅጣቱ ታገደለት። የሰው ነፍስ ያጠፋውን ሰው ስለ ልጆቹ ብሎ የማረ ሕግ የልጆቹን እናት ስለሚያደርስባት ነገር አልጠየቀም። በዚያ ዘመን አንዲት ሚስት ፍቺ ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ባልየው ይህን ስለሚያውቅ ወይዘሮ ኤማ ስለ መለየት ባነሡ ቍጥር እብድ ናት ብሎ በአእምሮ ሕሙማን ቤት እንደሚያስዘጋቸው ያስፈራራቸው ነበር። በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አምልጠው በካሊፎርኒያ ወደነበሩት ዘመዶቻቸው ሄዱ። ነገር ግን ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች በቤት ቀርተው ነበር፤ የሚያሳድጉበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ይዘዋቸው ሊሄዱ አልቻሉም። እናት ልጆቿን ትታ እንዴት ትኖራለች? ተመለሱ። በተመለሱበት ዓመት የደረሰባቸው ድብደባ ከቀድሞው የባሰ ነበር።

ነገሩ የተፈጸመው በ1939 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ቤተ ሰቡ በዌስት ቨርጂኒያ ይኖር ነበር። አንድ ቀን በጠብ መካከል ወይዘሮ ኤማ አንድ ከረጢት ዱቄት አንሥተው ባላቸው ላይ ወረወሩ። ፖሊስ ተጠራ፤ የተያዙትም እሳቸው ናቸው! ጥርሳቸው ተሰብሮ፣ የጎድን አጥንታቸው ተሰንጥቆ፣ ፊታቸው በልዞ እስር ቤት ገቡ። በማግሥቱ የከተማው ከንቲባ ባያቸው ጊዜ እጅግ አዘነ፤ ከእስር አውጥቶ በገዛ ቤቱ አስቀመጣቸው። ብዙ ሹም ባለበት ዓለም አንድ ሹም ዓይኑን ከፍቶ በማየቱ የአንዲት ሴት ዕድል ተለወጠ። ወይዘሮ ኤማ የፍቺ ክስ አቀረቡ፤ በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ፍርዱ ተሰጣቸው። ያን ጊዜ 53 ዓመታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ዘመን ጸጥታ ነበር። ልጆቻቸው አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ፤ እሳቸውም ልዩ ልዩ ሥራ እየሠሩ ኖሩ። ከዕለታት አንድ ቀን በ1949 ዓ.ም. ነሐሴ አካባቢ የታተመ አንድ አሮጌ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እጃቸው ገባ። በውስጡ የአፓላቺያን የእግር መንገድ በባለ ቀለም ሥዕሎች ተገልጾ ነበር። መጽሔቱ መንገዱ በሚገባ ምልክት የተደረገበት፣ በየአንድ ቀን ጕዞው ማደሪያ የተሠራለት፣ ጤነኛ ሰው ሁሉ ሊሄደው የሚችል አድርጎ ነበር የጻፈው። ወይዘሮ ኤማ መንገዱን እስከ መጨረሻው ለብቻዋ በአንድ ወቅት የሄደች ሴት አለመኖሯን ሲረዱ ነገሩ በልባቸው ውስጥ ተተከለ። ለማንም ግን አልተናገሩም።

ስለዚህ መንገድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሳቡን በ1921 ዓ.ም. ያፈለቀው ቤንተን ማካይ የተባለ የደን ዐዋቂ ነው። በከተማ ጪስና በፋብሪካ ጩኸት የደከመው ሠራተኛ ወጥቶ የሚያርፍበት በተራሮቹ ጫፍ ላይ የሚሄድ አንድ ረዥም የእግር መንገድ እንዲሠራ ጽሑፍ አወጣ። ይህን የጻፈው ሚስቱ በዚያው ዓመት በአሳዛኝ ሁኔታ ከሞተችበት በኋላ ነበር። መንገዱ በበጎ ፈቃደኞች ጕልበት በ14 ግዛቶች አልፎ በ1937 ዓ.ም. ተገናኘ። በዛፍና በድንጋይ ላይ ነጭ ቀለም እየተቀባ ለተጓዡ ምልክት ይሆነዋል። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በአንድ ጕዞ መሄዱ በይፋ የተነገረለት የመጀመሪያው ሰው ኧርል ሻፈር ነው። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች አገልግሎ የተመለሰ ወታደር ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ መንገዱን አብረው ሊሄዱት ያሰቡት ጓደኛው በኢዎ ጂማ ደሴት ውጊያ ሞቶበት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ለብቻው ወጣ፤ ጦርነቱን ከውስጡ በእግሩ ለማስወጣት መሄዱን ራሱ ገልጿል። 124 ቀን ፈጀበት። እንግዲህ ይህ መንገድ ለስፖርተኛ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ብዙ ኀዘን ተመላልሶበታል። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ሚልድሬድ ኖርማን የተባለች ሴት መንገዱን በአንድ ወቅት ፈጽማው ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ ወንድ ባልንጀራ ጋራ ነበረች።

ወይዘሮ ኤማ መጀመሪያ የሞከሩት በ1954 ዓ.ም. ሲሆን አልሆነላቸውም። ከሰሜኑ ጫፍ፣ በሜን ካለው ከካታዲን ተራራ ተነሡ። ጥቂት ቀን እንደ ሄዱ መንገድ ሳቱ። ትንኙ በላቸው፤ ምግባቸው አለቀ፤ በዚያ ላይ መነጽራቸውን ረግጠው ሰበሩት። የደን ጠባቂዎች ሲያገኙአቸው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ መከሯቸው፤ ከቃላቸውም የአሮጊት ሥራ አለመሆኑን የመንገር መንፈስ ይሰማ ነበር። ተመለሱ። የሚያስደንቀው ነገር ግን ከልጆቻቸው ለአንዱም የት እንደ ነበሩ ሳይናገሩ መቅረታቸው ነው። ውርደታቸውን ዋጥ አድርገው ክረምቱን አሳለፉ። በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ ላይ በየቀኑ በሚኖሩበት ሰፈር ዙሪያ ይሄዱ ጀመር፤ ዛሬ አንድ ዙር፣ ነገ ሁለት፣ እንዲህ እያሉ በቀን 16 ኪሎ ሜትር እስኪደርሱ ድረስ እግራቸውን አለማመዱ። ጎረቤት ቢያያቸው አሮጊቷ ምን ሆነች ከማለት በቀር ሌላ የሚያስበው አልነበረም።

ከረጢታቸውን ጠንካራ ከሆነ ሰማያዊ የጂንስ ጨርቅ ሰፉት። በውስጡ የከተቱት አንድ የወታደር ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ካፖርት፣ የገላ መታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሆነ ፕላስቲክ፣ ቢላዋ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፕላስተርና አዮዲን፣ መጻፊያ ደብተር፣ ለከተማ የሚሆን አንድ ቀሚስ ነው። ፕላስቲኩ ድንኳናቸው ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ተከናንበውት ይቀመጣሉ። ስንቃቸው ዘቢብ፣ ለውዝ፣ የዱቄት ወተት፣ በቆርቆሮ የታሸገ ቋሊማና የደረቀ የመረቅ ቅመም ነበር፤ የቀረውን ከዱር ቅጠልና ከእንጆሪ ይሞሉታል። የከረጢቱ ሁሉ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ኪሎ አይሞላም ነበር። ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሸጠውን የተራራ ዕቃ ተሸክሞ በመጀመሪያው ዳገት ላይ የሚያለከልክ ወጣት ይህን ቢያስበው አይጎዳም።

ሜይ 3 ቀን 1955 ዓ.ም. በጆርጂያ ኦግልቶርፕ ወደሚባለው ተራራ በታክሲ ተወስደው ጕዞውን ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የመንገዱ ደቡባዊ መነሻ ይህ ተራራ ነበር፤ ወደ ስፕሪንገር ተራራ የተዛወረው በ1958 ዓ.ም. ነው። ለልጆቻቸው ያሉት በእግራቸው ትንሽ ሊንሸራሸሩ እንደሚሄዱ ብቻ ነው። ልጆቹም የእናታቸውን ጠባይ ያውቃሉና አልጠየቁም። ነገሩን ያወቁት ከመንገድ በተላከ ካርድና ከጋዜጣ ነው።

መንገዱ መጽሔቱ እንደ ጻፈው አልሆነም። ማደሪያ የተባሉት ጎጆዎች አንዳንዱ የተቃጠለ፣ አንዳንዱ የፈረሰ፣ አንዳንዱም ከቈሻሻው የተነሣ ሰው ሊያድርበት የማይችል ሆኖ ተገኘ። በብዙ ቦታ ዛፍ ወድቆ መንገዱን ዘግቶታል፤ በሌላው ቦታ ሣሩ እስከ አንገት ይደርሳል፤ ምልክቱም ይጠፋል። ወይዘሮ ኤማ ጎጆ ሲያጡ በቅጠል ክምር ላይ፣ በጎተራ ውስጥ፣ ሰዎች ለሽርሽር ሲወጡ በሚመገቡበት ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ያድሩ ነበር። ብርዱ ሲጠና ድንጋይ በእሳት ያሞቁና በላዩ ይተኛሉ። መርዘኛ እባብ ሱሪያቸውን ነድፎ ሥጋቸውን ስቶ ያለፈበት ቀን ነበር፤ በምርኵዛቸው መልሰው መቱት። ጫማቸው እያለቀ ሌላ ይገዛሉ፤ መንገዱ ከስድስት ጥንድ ያላነሰ ሸራ ጫማ በላ።

በየመንገዱ የተቀበላቸው ሰው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ በር ከፍቶ፣ ራት አብልቶ፣ አልጋ አንጥፎ ያሳድራቸዋል። ሌላው ደግሞ ልብሳቸውን አይቶ ለማኝ ወይም ከቤት የጠፉ አሮጊት መስለውት በሩን ይዘጋል። ለእንግዳ ውኃ አቅርቦ እግር የሚያጥብ ሕዝብ ልጆች የሆንን እኛ የዘጉትን ለመውቀስ እንቸኵላለን፤ ነገር ግን በከተማ ከኖርን ወዲህ የኛም በር እንደ ቀድሞው መከፈቱን ራሳችንን ብንጠይቅ ይሻላል።

በቨርጂኒያ የነበረ አንድ ጋዜጣ ወሬውን ካወጣው በኋላ ነገሩ ወደ አገሪቱ ሁሉ ደረሰ። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት ዘጋቢ ልኮ በነሐሴ ታሪካቸውን አተመ። የ11 ልጆች እናት፣ የ23 የልጅ ልጆች አያት መሆናቸው ሲነገር ሕዝቡ በፍቅር አያት ጌትዉድ እያለ ይጠራቸው ጀመር። ባል የሞተባቸው መሆናቸውን የተናገሩት በዚህ ጊዜ ነው። ይህን ውሸት የሚፈርድባቸው ሰው ይኖር ይሆን? በአንድ በኩል፣ እውነቱን ቢናገሩ በማግሥቱ በየጋዜጣው የሚወጣው ስለ ጕዟቸው ሳይሆን ስለ ተሰበረው ጥርሳቸው ነበር። በሌላ በኩል፣ በየጓዳው ተመሳሳይ ዱላ የሚቀምሱ ሴቶች እውነቱን ቢሰሙ ምናልባት ይበረቱ ነበር። እሳቸው ግን ሰው በሐዘኔታ ዓይን እንዲያያቸው አልፈለጉም። ያን ዘመን ሁሉ ሌላ ሰው ስማቸውንና አካላቸውን እንደ ፈቀደ ሲያደርግ ከኖረ በኋላ፣ ቢያንስ ታሪካቸውን ራሳቸው እንደ ወደዱ ሊናገሩት መብት ነበራቸው እንላለን።

በዚያው ነሐሴ ወር ከባሕር የተነሡ ሁለት ብርቱ ዐውሎ ነፋሶች፣ ኮኒና ዲያን የተባሉት፣ በሳምንት ልዩነት ምሥራቁን ዳርቻ መቱት። በሁለተኛው ጎርፍ ብቻ ከ180 በላይ ሰው አለቀ። ወይዘሮ ኤማ በዚህ ጊዜ በሰሜኑ ተራሮች ውስጥ በዝናብ ይጓዙ ነበር። በቨርሞንት ግዛት አንድ ወንዝ ሞልቶ ድልድይ አልነበረውም፤ ዋና ደግሞ አይችሉም ነበር። እንዲያው ተቀምጠው ሲጠብቁ ሁለት የባሕር ኃይል ወጣቶች መጡ። ወጣቶቹ ገመድ አውጥተው ከወገባቸው ጋር አሰሩና አሮጊቷን በመካከላቸው አድርገው ከወንዙ አሻገሯቸው። በጦር ኃይል ከሚሠሩት ሥራዎች መካከል ይህኛው ጀብዱ ተብሎ ባይመዘገብም ከብዙው ይበልጣል።

ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ጕልበታቸው ታመመ፤ መነጽራቸውም ዳግመኛ ተሰብሮ ስለ ነበር መንገዱን በደብዛዛው እያዩ ነበር የሚሄዱት። ሰሜኑ ቀዝቅዟል፤ ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደርበው ለብሰዋል። ባለፈው ዓመት ወደ ቤትዎ ይመለሱ ያሏቸው የደን ጠባቂዎች ባሉበት አገር ሲደርሱ በሌላ ዓይነት አቀባበል ተቀበሏቸው። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1955 ዓ.ም. 1,600 ሜትር ከፍታ ባለው በካታዲን ራስ ላይ ቆሙ። በኛ አቈጣጠር መስከረም 14 ቀን 1948 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ መስቀል ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው። በተራራው ላይ በተቀመጠው መዝገብ ስማቸውን ጻፉ፤ ለብቻቸው ሆነው ስለ አገራቸው ውበት የተደረሰውን የታወቀ መዝሙር ዘመሩ። 146 ቀን ፈጅቶባቸዋል። በቀን በአማካይ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። መንገዱን ለብቻዋ በአንድ ወቅት የፈጸመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ከድሉ ይልቅ ጠቀመ። ሲጠየቁ የመንገዱን ጕድለት ሳይደብቁ ተናገሩ፤ የፈረሰውን ጎጆ፣ የወደቀውን ዛፍ፣ የጠፋውን ምልክት ዘርዝረው ወቀሱ። እንዲህ ያለ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ እንደማይጀምሩት፣ ከጀመሩት ወዲያ ግን መተው እንዳልቻሉ ገለጹ። ወቀሳው ከአንዲት ባልቴት አፍ በመውጣቱ የመንገዱ ማኅበራት አፈሩ፤ ጥገናውም በረታ፤ በመንገዱ የሚሄደውም ሰው በዛ። በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ጉድለት አይተው ዝም የሚሉ ወጣት ሹማምንት ቢኖሩ፣ እውነቱን ለመናገር ማዕረግ እንደማያስፈልግ ከዚህ ያያሉ።

አንድ ጊዜ መፈጸም ለሌላው ሰው በበቃ ነበር። ወይዘሮ ኤማ ግን በ1957 ዓ.ም. ያንኑ መንገድ እንደገና ሄዱት። በ1959 ዓ.ም. የኦሪገን ግዛት መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ ጥንት ሰፋሪዎች በጋሪ የሄዱበትን ጎዳና ለማስታወስ ጋሪዎች ከሚዙሪ ወደ ምዕራብ ተንቀሳቀሱ። እሳቸው ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይተው ከኢንዲፔንደንስ ከተማ በእግራቸው ተነሡ፤ ጋሪዎቹን በመንገድ ቀደሟቸው፤ 3,200 ኪሎ ሜትሩን በ95 ቀን ፈጽመው ኦገስት 7 ቀን ፖርትላንድ ገቡ። ይህኛው ጥላ የሌለበት ሜዳና የመኪና አስፋልት ስለ ነበረ ከተራራው መንገድ ይልቅ የከበደ ነበር ማለት ይቻላል። በ1964 ዓ.ም. የአፓላቺያንን መንገድ በየክፍሉ ሄደው ለሦስተኛ ጊዜ ፈጸሙት፤ ሦስት ጊዜ በመፈጸምም የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቤን ሞንትጎመሪ የተባለ ጋዜጠኛ የተዉትን ደብተርና ደብዳቤ መርምሮ፣ ልጆቻቸውንም ጠይቆ በ2014 ዓ.ም. መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ የተደበቀው ሁሉ ለሕዝብ ተገለጸ። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ምክንያቱን አገኘነው፤ ከባሏ ሸሽታ ነው አለ። ለኛ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይመስለንም። ከሰውዬው ከተለያዩ 14 ዓመት ሆኗቸው ነበርና የሚያሳድዳቸው አልነበረም። የሸሸ ሰው ደግሞ ካመለጠ በኋላ ያርፋል እንጂ ሦስት ጊዜ በተመሳሳይ ዳገት አይወጣም። ምናልባት በዱላ ዘመን በስርቆሽ፣ በየጥቂት ሰዓቱ ያገኙት የነበረውን የደን ሰላም፣ ማንም በማይጠራቸው ጊዜ እስኪጠግቡ ድረስ ሊቀምሱት ፈልገው ይሆናል። ምናልባትም ያን ዘመን ሁሉ አትችዪም ሲባሉ የኖሩትን ሴት መቻላቸውን ለራሳቸው ለማሳየት ይሆናል። በዚህ ላይ ለጋዜጠኞቹ የሰጡት ቀላል መልስም አለ፤ ከኮረብታው ማዶ ያለውን ማየት። አንድ ሰው ለአንድ ሥራ አንድ ምክንያት ብቻ ይኖረዋል ያለ ማን ነው?

ፔሪ ጌትዉድ የሞተው በ1968 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ኤማ ለጋዜጠኞቹ የተናገሩት ቃል እውነት የሆነው ከተናገሩት ከ13 ዓመት በኋላ ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ ዘመናቸው በተወለዱበት በኦሃዮ ባክአይ የሚባለው የእግር መንገድ ሲቀየስ በሥራው ተካፈሉ። ሆኪንግ ሂልስ በሚባለው የዋሻና የፏፏቴ አገር በየዓመቱ በጃንዋሪ በረዶ ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ሲጓዝ፣ ቀይ ቆብ አድርገው ከፊት ይመሩ ነበር። ጁን 4 ቀን 1973 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው በትውልድ አውራጃቸው በጋሊያ ዐረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። ከዋሻ ወደ ዋሻ የሚሄደው 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ያ መንገድ በስማቸው ተሰየመ፤ በጃንዋሪ ብርድ ዛሬም ብዙ ሺህ ሰው ይሄድበታል።